ለሽንትሩ ዶላር ይከፈላል፤ ጠመንጃውን የሚሸከመው ግን አንገቱ ነው

ሁለት ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሁለቱም የሜፕል እንጨት ናቸው፤ ርዝመታቸው፣ ስፋታቸውና ውፍረታቸውም እኩል ነው። የአንደኛው ገላ ሜዳ ነው። ሁለተኛው ግን ከዳር እስከ ዳር ሽንትር አለው፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ እንደ ሐር ጨርቅ ይወዛወዛል። ዋጋ ቢጠየቅ ሽንትራሙ የሜዳውን ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠራል። ገዢው ይህን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ጭማሪው የተከፈለው ለጥንካሬ ነው ወይስ ለመልክ የሚል ነው።

የዚህ ሸቀጥ ገበያ የሚገኘው በአሜሪካ ነው። ገዢዎቹ ባሩድና ክብ እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን የጥንት ጠመንጃ ዛሬም በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያዎችና የትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጀርመንኛ ከሚነገርባቸው የአውሮፓ አገሮች ወደ ፔንሲልቬንያ የፈለሱ አንጥረኞች በላንካስተርና በዙሪያዋ ረጅም ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። ኋላ "የኬንታኪ ጠመንጃ" የተባለው ይኸው ሲሆን፣ መለያው ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሽንትራም የሜፕል ሰደፉ ነው። የዛሬው ሠሪም አርአያ የሚያደርገው እነርሱን ነው።

ንግዱ የሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሙያው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሆን፣ መሰባሰቢያው በኢንዲያና ግዛት ፍሬንድሺፕ የምትባል ትንሽ ሥፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 በቴነሲ የተቋቋመው ዲክሲ ጋን ወርክስም በካታሎግ መለዋወጫ በመሸጥ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌደራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በአፈሙዝ የሚጎርሰውን የባሩድ ጠመንጃ በአብዛኛው ከ"ጥንታዊ" ወገን መድቦታል። ስለዚህ ግዥና ሽያጩ በዘመናዊ መሣሪያ ላይ ካለው የፌደራል ቁጥጥር ውጭ ነው፤ የየግዛቱ ሕግ ግን ይለያያል።

ሽንትሩ ለምን ተወደደ?

ሽንትራም ሜፕል ራሱን የቻለ የዛፍ ዝርያ አይደለም። የእንጨቱ ቃጫ ቀጥ ብሎ ከማደግ ይልቅ እንደ ሞገድ እየታጠፈ ሲያድግ፣ ብርሃኑ በአንዱ እጥፋት ላይ ሲያበራ በሌላው ይጠቁራል። ሽንትር የምንለው ይኸንኑ ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ይህ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ከሽንትራም ዛፍ የተወሰደ ዘር ተዘርቶም ሽንትራም እንጨት ይወጣዋል ማለት አይቻልም። ስለዚህ አቅርቦቱ በዕቅድ አይጨምርም።

ተሻሚው ግን ብዙ ነው። ቫዮሊን ሠሪዎች ለመሣሪያቸው ጀርባ ይህን እንጨት ሲፈልጉ ዘመናት ተቆጥረዋል። ጊታር ሠሪዎችም አሉ፤ ጊብሰን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የሠራቸው የሌስ ፖል ጊታሮች ዛሬ እጅግ የሚወደዱት በከፊል በሽንትራሙ የሜፕል ፊታቸው ነው። ስስ ልባጥ የሚገሽልጡ ፋብሪካዎችም ግንዱን ገና ሳይሰነጠቅ ይወስዱታል። ጠመንጃ ሠሪው የሚገዛው ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተሻምቶ ነው።

ሦስት ሜፕል፣ ሦስት ጥንካሬ

"ሜፕል" የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። በምሥራቅ አሜሪካ የሚበቅለው የስኳር ሜፕል በጃንካ የጥንካሬ መለኪያ 1,450 ፓውንድ ያህል ይይዛል። ቀዩ ሜፕል 950፣ በምዕራቡ ጠረፍ የሚበቅለው ቅጠለ ሰፊው ሜፕል ደግሞ 850 ያህል ናቸው። መለኪያው በእንጨቱ ውስጥ ትንሽ የብረት ኳስ እስከ ግማሽ አካሏ ለማስገባት የሚጠይቀውን ኃይል ያሳያል።

የስኳር ሜፕል ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለቅርጽ ሥራም ጠርዙን ይይዛል። ቀዩ ሜፕል ቀለል ይላል፤ ክብደቱ ደህና የሆነው ተመርጦ ከተገዛ መልካም ጠመንጃ ይወጣዋል። ቅጠለ ሰፊው ብዙ ጊዜ ሽንትሩ ዓይን ይማርካል፤ ዳሩ ግን ለስላሳ በመሆኑ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ቱቦ ለሚሸከም ቀጭን ሰደፍ ብዙ ሠሪዎች አይመርጡትም። በጥቅሉ "ሜፕል" ተብሎ የቀረበን ጣውላ ገዢው ዝርያውን ሳይጠይቅ ሒሳብ መክፈል የለበትም።

ደረጃውን ማን ሰጠው?

የቡና ነጋዴ ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ናሙናው ይወሰዳል፣ ይቀመሳል፣ ሻጩም ገዢውም ያልሆነ ሰው ውጤቱን ይጽፋል። በሰደፍ እንጨት ገበያ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ሚዛን የለም። "አንደኛ ደረጃ"፣ "ልዩ"፣ "እጅግ ልዩ" የሚሉትን ቃላት የሚሰጠው ሻጩ ራሱ ነው። የሚለካውም ሽንትሩ ምን ያህል እንደደመቀና የጣውላውን ስንት እጅ እንደሸፈነ ነው። የአንዱ "ልዩ" ለሌላው ተራ ሊሆን ይችላል። እንጨት ሲረጥብ ሽንትሩ ስለሚጎላ፣ በፎቶግራፍ የሚገዛ ሰው እንጨቱ ደርቆ ሳለ የተነሳውንም ምስል ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ደረጃው ከማይለካው ቦታ ላይ ነው። ጠመንጃ በብዛት የሚሰበረው አንገቱ ላይ፣ ማለትም ከመለኮሻው ኋላ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ክፍል ነው። በዚያ ቦታ ቃጫው የአንገቱን አቅጣጫ ተከትሎ ከሰደፉ ወደ ፊት መዝለቅ አለበት። አንገቱን አቋርጦ ወደ ጎን ከወጣ አንድ ጊዜ መውደቅ ይበቃዋል። ደማቅ ሽንትር ደግሞ በተፈጥሮው ቃጫው የታጠፈበት ስለሆነ፣ አንገቱ ላይ ሲበዛ ጥንካሬ ይቀንሳል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የጠመንጃውን ንድፍ በካርቶን ቆርጠው ጣውላው ላይ እያዘዋወሩ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሽንትሩን ሰደፉ ላይ ይፈልጉታል፤ አንገቱ ላይ ግን ዓይናቸው ቃጫውን ነው የሚከተለው። ስንጥቅና ጉጥም በዚሁ ይፈተሻል።

ሌላው እርጥበት ነው። በተለመደው ስሌት በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የሰደፍ ጣውላ ደግሞ 2 ኢንች ተኩል (6 ሳንቲ ሜትር ያህል) ሊወፍር ይችላል። ሻጩ ገንዘቡን ሁለትና ሦስት ዓመት አስሮ የሚጠብቅ በመሆኑ ከዋጋው ውስጥ የተወሰነው የዚህ ጥበቃ ነው። የቸኮለ ሻጭ ያቀረበው እርጥብ ጣውላ ከተቦረቦረ በኋላ ይጣመማል። አንዴ ብረት የነካውን እንጨት ደግሞ መላሽ አይቀበለውም።

መጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ እንጨቱ

ጀማሪ ገዢ በሽንትሩ ተማርኮ እንጨቱን አስቀድሞ ይገዛል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የተገላቢጦሽ ነው። የጥንቱ ስምንት ማዕዘን ቱቦ ብዙ ጊዜ ኋላው ወፍራም፣ ወገቡ ቀጭን፣ አፉ ደግሞ መልሶ ሰፋ ያለ ነው። ለአንዱ ቱቦ ተቦርቡሮ የተሸጠ ሰደፍ ለሌላው አይገጥምም። ባልጩቱ ብረት መትቶ እሳት የሚሰጥበት መለኮሻም ከቱቦው የእሳት ቀዳዳ ጋር በትክክል መገናኘት ስላለበት ቦታውን የሚወስነው ቱቦው ነው። ስለዚህ ቱቦውና መለኮሻው ይገዛሉ፣ ንድፉ በልካቸው ይሳላል፣ ከዚያ እንጨት ይመረጣል። የቃታ መከላከያውና የሰደፉ ጫፍ ናስም ከተመረጠው የአሠራር ዘይቤ ጋር መስማማት አለባቸው፤ ቅልቅል የሆነ ጠመንጃ ሲሸጥ ዋጋ ያጣል።

ባጀት ያጠረው ሰው መቆጠብ ያለበት ከሽንትሩ ነው። ሜዳ እንጨት ላይ የተቀመጠ ጥሩ ቱቦና መለኮሻ ይተኩሳል። ባልጩቱ ሲመታው ብልጭታ የማይሰጥ ርካሽ መለኮሻ ግን ሽንትሩ ምንም ቢያምር የግድግዳ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ውድ እንጨት ሌባም ይጠራል

ዋጋው ሲንር ጫካው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የኦሊምፒክ ብሔራዊ ደን ቅጠለ ሰፊ ሜፕል በሕገወጥ መንገድ ሲቆርጡ የነበሩ ሰዎች ዛፉ ላይ የነበረውን የንብ ቀፎ በእሳት ለማጥፋት ሞክረው ሰደድ እሳት ተነሳ። 3,300 ኤከር ያህል ደን ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ተከሳሽ ጥፋተኛ ሲባል፣ ለእንጨት መሰንጠቂያ ከተሸጠው ጣውላ የተወሰደ የዲኤንኤ ማስረጃ ጫካው ውስጥ ከቀሩት ጉቶዎች ጋር ተመሳክሮ ቀርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ ለገዢው የራሱ መከላከያ ነው።

አንድን ረጅም ጠመንጃ ከጣውላ ጀምሮ በእጅ ለማውጣት ከመቶ ሰዓት በላይ ሥራ ይጠይቃል። አንገቱ ከተሰበረ ይህ ሁሉ ድካም ከእንጨቱ ዋጋ ጋር ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ለሽንትሩ ሲል አንገቱን ሳያይ የከፈለ ገዢ ሁለቱንም ያጣል።