የአንድ ቀን አበባ፣ የዘጠኝ ወር ፍሬ

በዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ሁሉ ለዛፉ ጠላት ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዛፍን ተጠግቶ፣ ደጋፊውን ሳይመጥጥ አድጎ፣ አበባው ለዓይን፣ ፍሬው ለገበያ የሚሆን ሐረግም አለ። ይህም ቫኒላ የተባለው ተክል ነው። በኬክ፣ በብስኩትና በአይስ ክሬም ውስጥ የሚሸተው መዓዛ መነሻው ከዚሁ ሐረግ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው የቫኒላ ሽታ አብዛኛው በፋብሪካ የሚሠራ ቢሆንም፣ እውነተኛው ፍሬ በዋጋው ከሳፍሮን ቀጥሎ ከሚጠቀሱት ውድ ቅመሞች አንዱ ነው።

የተክሉ ጠባይ

ቫኒላ ኦርኪድ ከሚባሉት የአበባ ተክሎች ወገን ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ግንዱ አረንጓዴና ውኃ ያዘለ፣ ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው። ከየአንጓው በሚያወጣው የአየር ሥር ዛፉን ጨብጦ እየወጣ ከአሥር ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ሥሩ ለመያዣና እርጥበት ለመሳብ እንጂ የዛፉን ምግብ ለመውሰድ የተሠራ አይደለም። በቀዝቃዛ አገሮች ሰዎች በሸክላ ተክለው፣ በእንጨት ደግፈው፣ በመስኮት አጠገብ ለቤት ጌጥ ያሳድጉታል። በቤት ውስጥ ግን ቅጠሉን እንጂ አበባውን የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሐረጉ ብዙ ሜትር ካልረዘመ አያብብምና።

አበባው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቢጫ ነው። በአንድ ዘለላ ላይ እስከ ሃያ የሚደርሱ እምቡጦች ቢኖሩም፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን የሚፈነዳው አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ይፈነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የወንዴው ብናኝ ከሴቴው ጋር ካልተገናኘ አበባው ይረግፋል። ችግሩም በወንዴውና በሴቴው መካከል ስስ ሽፋን እንደ መጋረጃ መዘርጋቱ ነው። በሜክሲኮ ደን ይህን መጋረጃ አልፈው ብናኙን የሚያደርሱ ንቦች ቢኖሩም፣ በእነርሱ አማካይነት የሚያፈራው አበባ እጅግ ጥቂት ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ

ሐረጉ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሕንድ ውቅያኖስ ወደምትገኘው የሬዩንዮን ደሴት ተወሰደ። እዚያም ለመለመ፣ አበበ፤ ፍሬ ግን አልሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1836 ሻርል ሞረን የተባለ የቤልጂግ የዕፅዋት ሊቅ ቫኒላን በእጅ አዳቅሎ ለማፍራት ቢበቃም፣ ዘዴው ለእርሻ ሥራ የሚመች አልሆነም።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበበት ሥፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ኤድሞን የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በባርነት ቀንበር ሥር ያለ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ የስንጥር እንጨትና አውራ ጣቱን ብቻ ተጠቅሞ ሥራውን ፈጸመ። መጋረጃውን በስንጥሩ ገለጥ አድርጎ ወንዴውን በአውራ ጣቱ ወደ ሴቴው ተጫነው። ጌታው በሐረጉ ላይ ፍሬ አይቶ ሲጠይቀው ልጁ «እኔ ነኝ» ቢለውም በመጀመሪያ አላመነውም። በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ልጁ በየእርሻው እየዞረ ለሌሎች እንዲያስተምር ተደረገ።

የዕውቀቱ ባለቤት ከዕውቀቱ አልተጠቀመም። ዘዴውን «እኔ ነኝ ያስተማርሁት» የሚል የተማረ ሰው እንኳ ተነሥቶበት ነበር። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1848 በደሴቲቱ ሲሻር ኤድሞን ነጻ ወጣ፤ አልቢዩስ የሚል የቤተሰብ ስምም ተሰጠው። ደሴቲቱ በቫኒላ ስትበለጽግ እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1880 በድህነት ሞተ። ዛሬም በማዳጋስካርም ሆነ በሌሎች አገሮች የቫኒላ ገበሬ የሚሠራው ያ ልጅ ባሳየው ዘዴ ነው።

ከአበባ እስከ ገበያ

ሐረጉ የሚተከለው በቁራጭ ሲሆን፣ ለማበብ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ሙቀት፣ ዓመቱን የተዳረሰ ዝናብ፣ ለማበብ የሚያነሣሣው አጭር ደረቅ ወቅት፣ ግማሽ ያህል ጥላና በጉዝጓዝ የተሸፈነ፣ ውኃ የማያቁር አፈር ይፈልጋል። ውኃ ከቆመበት ሥር የሚያበሰብስ የፈንገስ በሽታ ይፈጀዋል። ገበሬው ሐረጉን ከሰው ቁመት በላይ እንዳይሄድ እያጠፈ ወደ ታች ይመልሰዋል። ይህም ለእጅ ሥራ ያመቻል፤ ማበብንም ያበረታታል።

የተዳቀለው አበባ ፎሶሊያ የመሰለ ረጅም ፍሬ ይሆናል፤ ለመብሰልም ዘጠኝ ወር ያህል ይቆያል። አረንጓዴው ፍሬ ግን ምንም ሽታ የለውም። በሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዲያልበው ተደርጎ፣ ለሳምንታት ፀሐይ እየሞቀ፣ ከዚያም በሣጥን ለወራት ተከማችቶ ነው መዓዛው የሚወጣው። አንድ ኪሎ ደረቅ ቫኒላ ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እርጥብ ፍሬ ያስፈልጋል።

የማዳጋስካር ትምህርት

ከዓለም ቫኒላ አብዛኛውን የሚያመርቱት የማዳጋስካር አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ኪሎ ከ50 የአሜሪካ ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ከ500 ዶላር በላይ ደረሰ፤ በኋላም እንደገና ወደቀ። ዋጋው ሲወጣ ሌባው በረከተ። ገበሬው ሌሊት እርሻውን መጠበቅ፣ በየፍሬው ላይም በመርፌ ምልክት መውጋት ጀመረ። ሌባ ሳይቀድመው ብሎ ያልበሰለውን የሚቆርጥም አለ፤ ያልበሰለ ፍሬ ግን መዓዛው ደካማ ስለሆነ የአካባቢውን ሁሉ ስም ያጠፋል። በዚህም ምክንያት ለቀማው የሚጀመርበት ቀን በየአካባቢው ይወሰናል፤ ከዚያ በፊት እርጥብ ቫኒላ መሸጥ ክልክል ነው።

በአገራችንም ቫኒላ በደቡብ ምዕራቡ ሞቃትና ዝናባም አካባቢ፣ በቴፒ የምርምር ማዕከል ከሚጠኑት ቅመሞች መካከል ይገኛል። ቡናን በጥላ ሥር ማሳደግ የለመደ ገበሬ የሐረጉን ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። ሆኖም የማኅበር መሪ አባላቱን «ትከሉ» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባል። በአበባው ወቅት በየማለዳው የሚሰማራ እጅ አለ ወይ? ፍሬውን የሚያደርቅ ባለሙያ አለ ወይ? ሁሉም በአንድ ቀን ለመልቀም ይስማማል ወይ? አበባው ለማንም አንድ ቀን አይጨምርምና፣ መልሱ ከተከላው በፊት መገኘት አለበት።