ከገናው ሽር ጉድ ልጅዎን አያርቁት

ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንዲት እናት የሦስት ዓመት ተኩል ወንድ ልጇን ይዛ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። የመጣችው ለጉንፋን ነው። ጨርሼ ልሸኛት ስል በሩ ላይ ቆም አለችና «ዶክተር፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ለበዓሉ ሊዘጋ ነው። የተማረውን እንዳይረሳ ቤት ውስጥ ምን ላስተምረው? የትኛውን መጽሐፍ ልግዛለት?» አለችኝ። ልጁ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ከእናቱ ስልክ ላይ አላነሳም። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ ዞር አላለም። የእሱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በበዓል ሰሞን ብዙ ወላጆች ይጠይቁኛል። መልሴም አንድ ነው፤ መጽሐፍ ለመግዛት አይቸኩሉ። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ቤትዎ ውስጥ የሚቆጠር፣ የሚሸተት፣ የሚላጥ፣ የሚደረደር ነገር ይሞላል። የሚጎድለው ሕፃኑ ብቻ ነው። እኛ ሥራው እንዲፈጥን ብለን ልጁን ስልክ አስይዘን ሳሎን እናስቀምጠዋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤ ማዕቀፍ ላይ ለአንድ ሕፃን እድገት አምስት ነገሮች ያስፈልጋሉ ይላል። ጤና፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ደኅንነት፣ ለሕፃኑ ስሜትና ጥያቄ ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊ፣ እና ገና ከልጅነት የሚጀምር ትምህርት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ገንዘብ አይጠይቁም። ልጁ ሲጠይቅ የሚመልስለት፣ ሲጠቁም የሚያይለት ሰው ካለ ትምህርቱ ተጀምሯል ማለት ነው። አንጎል እንደዚህ ፈጥኖ የሚያድግበት ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፤ ልጁ ስድስት ዓመት እስኪሞላው የአንጎሉ መጠን ከዐዋቂ ሰው ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው።

እንግዲህ ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። ዶሮ 12 ብልት እንደምትወጣ ማንም ባለሙያ ያውቃል። ልጅዎ ግን አያውቅም። እርስዎ ሲገነጥሉ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ከአጠገብዎ ያቁጥሩት፤ «ይሄ ፈረሰኛ ነው፣ ይሄ መላላጫ፣ ክንፉ ስንት ነው?» እያሉ። ብዙ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ ሃያ ያነበንባሉ። «ሦስት ሽንኩርት አምጣልኝ» ሲባሉ ግን ያገኙትን ሁሉ አፍሰው ይመጣሉ። ማነብነብና መቁጠር የተለያዩ ናቸው። ቁጥር ገባው የሚባለው አንዱን ቃል ከአንድ ነገር ጋር ማጣመር ሲችል ነው፤ ይህን ደግሞ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሰንጠረዥ ይልቅ ከፊቱ ያለ ሽንኩርት ይበልጥ ያስተምረዋል። ጥሬ ዶሮውን ግን በዓይኑ ይቁጠር እንጂ አይንካ። ጥሬ ሥጋ ላይ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ጀርሞች ስለሚኖሩ እርስዎም እጅዎን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና ሳይታጠቡ ወደ ሌላ ሥራ አይለፉ።

የልጁ ድርሻ እንቁላሉ ነው። ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ቅርፊቱን ይላጥ። ይሰብራል፣ ግማሹን ቅርፊት ሳያነሳ ይተወዋል፣ አንዱንም ሊበላው ይችላል፤ ይሁን። አውራ ጣትና ሌባ ጣቱ ተባብረው የሚሠሩት ይህ ጥቃቅን ሥራ ኋላ እርሳስ የሚጨብጥበት ጉልበት ነው። ነጭ ሽንኩርት መፈልፈልም እንዲሁ። በእኔ እምነት የሦስት ዓመት ልጅን በግድ እርሳስ አስጨብጦ አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ» ማስጻፍ ጣቱንም ልቡንም ከማድከም ያለፈ ጥቅም የለውም። ፊደል ማሳየት ከፈለጉ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያሳዩትና በጣቱ ዱቄት ላይ ይሣላት። «ለእንግዶቹ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንቁላል ብናደርስ ስንት ያስፈልገናል?» የሚለውን ጥያቄ ለአምስት ዓመቱ ልጅ ያቆዩት።

ቡናው ሲፈላ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይከፈታል። ጥሬው ቡና ምን ዓይነት ቀለም አለው? ሲቆላስ ወደ ምን ተለወጠ? የቱ ይበልጥ ይሸታል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ለእኛ ወግ ነው፤ ለልጁ ግን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ መጨረሻ የሚሉትን ቃላት በአፍንጫውም በጆሮውም የሚማርበት ነው። ሲኒውን ባዶውን እያለ ይቁጠርልዎ፣ ቄጤማውን ይጎዝጉዝ፣ ረጅሙን ከአጭሩ ይለይ። ከከሰሉና ከጀበናው ግን አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ከሰል ሲነድ በርና መስኮት ይከፈት፤ ተዘግቶ የሚነድ ከሰል የሚለቀው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳያስነጥስ ይገድላል።

ፈንዲሻው ላይ ግን አጥብቄ መናገር አለብኝ። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ መሰጠት የለባቸውም። የኋላ ጥርሱ አድቅቆ ለመፍጨት አልጠነከረም፤ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። እየሳቀና እየሮጠ ሲበላ ደግሞ አደጋው ይብሳል። እንግዳ «በዓል አይደል፣ አንዲት እፍኝ ብትሰጪው ምን አለበት?» ቢልም እምቢ ማለት ነው፤ ለስላሳ ዳቦ ይስጡት።

ልጅ ቢያንቀውና በኃይል እያሳለ ከሆነ እንዲያስል ያበረታቱት፤ ውኃ አያጠጡት። ማሳል፣ ማልቀስ ወይም መናገር ካቃተው ግን ጊዜ የለም። ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ የታችኛው ክፍል እስከ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣ፣ ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው፣ ከኋላው ሆነው ጡጫዎን ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ አድርገው ያስቀምጡና ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይግፉ። ከአንድ ዓመት በታች የሆነን ሕፃን ሆዱን አይጫኑ፤ በክንድዎ ላይ በደረቱ አስተኝተው ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ ጀርባውን ይምቱት፣ ቀጥሎ በጀርባው ገልብጠው የደረቱን መሃል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ይጫኑ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቁ ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣትዎን ጉሮሮው ውስጥ አይክተቱ፤ ይብሱን ወደ ታች ይገፋዋል። ትንታው ካለፈ በኋላም ሳሉ ወይም ሲር የሚል አተነፋፈሱ ካልቆመ ያስመርምሩት።

ወጥ ወይም ቡና ቢፈስበት ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያብርዱ። የቧንቧ ውኃ ከተቋረጠ ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ያፍስሱ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ቅቤ አይቀቡ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቁስሉን ሳናየው መጀመሪያ እነዚህን ስናጥብ ነው ልጁ የሚሠቃየው።

ከምሳ በኋላ ከቤት ይውጡ። የገና ጨዋታ ድሮ ጎልማሶች በቆልማማ ዱላ ጥንግ እየመቱ የሚጫወቱት ነው፤ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበት ሜዳ ነበር። ለሕፃን ዱላው ቀርቶ ያነበቡትን ጋዜጣ ጠቅልለው (ይህኛውን ከጨረሱ በኋላ) የካልሲ ኳስ ያስመቱት። በሦስትና አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ውስጥ በድምሩ ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንዱን ሰዓት ላብ እስኪለው መሮጥ ያስፈልገዋል። እንቅልፉም የቀኑ ተጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው፤ በዋዜማው ቤተ ክርስቲያን ያደረ ልጅ በማግስቱ ቢነጫነጭ አይቆጡት፣ ያስተኙት።

እኛ ሐዋሳዎች ደግሞ ሐይቁ አለን። አሞራ ገደል ሄዶ ቆሮሶን ከአምባዛ መለየት፣ አባ ኮዳዎቹን መቁጠር፣ «ይሄኛው ለምን ራሰ በራ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። እግሩን ግን ውኃው ውስጥ አያስነክሩት። ከጉማሬው ሌላ፣ በሐይቁ ዳርቻ በሚኖሩ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩን አሳይተዋል። ተሕዋሲው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። በዚያው ሥፍራ ዐዋቂዎች የሚወዱትን ጥሬ ዓሣም ለልጅ አያጉርሱ።

«በየትኛው ቋንቋ ላነጋግረው?» የሚል ጥያቄም በከተማችን አይጠፋም። እናት በሲዳምኛ፣ አባት በወላይትኛ፣ ጎረቤት በአማርኛ ያወራል። በሚቀናዎት ቋንቋ ያውሩት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አፍ አያዘገይም። ገናን የማያከብር ቤተሰብም ይህን ሁሉ ለዒድ ወይም ለፍቼ ጫምባላላ ሊያደርገው ይችላል፤ ቁም ነገሩ ሽር ጉዱ ነው።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ጊዜ የለንም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ለእነሱ የምለው ስልኩን አስቀምጠው በሙሉ ልብ የሚሰጧት ሩብ ሰዓት ትበቃለች ነው። ማታ ሲያስተኙት «ዛሬ መጀመሪያ ምን ሠራን? ከዚያስ?» ብለው ቀኑን ያስተርኩት። በቅደም ተከተል ማስታወስ፣ ቃላት መምረጥ፣ ሰው ሲናገር መጠበቅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ስለ ስልክ ከተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ስክሪን ፊት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ከዚያ በታች ላለ ጨርሶ አይመከርም።

ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃላትን አጋጥሞ («ውኃ ስጠኝ» ዓይነት) የማይናገር፣ በሦስት ዓመቱ ንግግሩ ከቤት ሰው በቀር ለማንም የማይገባ፣ ሲጠራ የማይዞር፣ ወይም ይናገረው የነበረውን የተወ ልጅ ካለዎት «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» ብለው አይጠብቁ። ይዘውት ይምጡ፤ መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው።

ያን ዕለት እናትና ልጁን ከበሩ መለስኳቸው። ገና ሲገቡ ማየት የነበረብኝን ጆሮውን አየሁት። የቀኝ ታምቡሩ ተቀዶ ይመግላል፤ ግራውም ጤነኛ አልነበረም። እናቱ እንደሚፈስ ታውቃለች፤ ጥርስ ሲያበቅል የጀመረው ነው፣ ይተወዋል ብላ ነው የቆየችው። ጥርስ ማብቀል ጆሮ አያመግልም። ሕክምናውን ጀምረን ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ላክሁት።

ከጥምቀት በኋላ ለክትትል ሲመለሱ መግሉ ደርቋል። የመስማት ምርመራው ቀጠሮ ገና ነው። እናቱ መጽሐፉን አልገዛችም። «እንቁላሉን ሁሉ እሱ ነው የላጠው፣ ሁለቱን ሰብሮብኝ» አለች። ልጁን በግራ በኩሉ ጠጋ ብዬ፣ ፊቴን እያሳየሁት፣ ስንት እንቁላል እንደሰበረ ጠየቅሁት። ሁለት ጣቱን አወጣ።