ባለ ጥለት ካልሲ በእጅ ሲሠራ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ስለ ሱፍ ካልሲ ማውራት ያስቃል። በዚያው መንገድ ደብረ ሲናን አልፈው ጣርማ በር ሲወጡ ግን ሣቁ ይቀራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ጠመኔ የያዘ ጣት ይደነዝዛል። እኔም የቆላ ልጅ ነኝና ለማስተማር ልምምድ ወደዚያ የሄድኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት እግሬ ሳይሞቅ ነው ያነጋሁት። ካልሲ ለመሥራት የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ክሩ ሩቅ አይደለም። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰው መንዝ በጠጉራም በጎቹ የታወቀ አገር ነው። ሴቶቹ ጠጉሩን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሸምኑበታል። (ወንድ ልጅ ካልሲ ሲሠራ አይተው ለሣቁብኝ ጓደኞቼ ይህንኑ አስታውሻቸዋለሁ።) ጥቁሩም ነጩም ቡናማውም ከበጉ ጀርባ እንዳለ የሚመጣ ስለሆነ ማቅለሚያ አያሻውም። ሻካራ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያሳክካል፤ ግን አያልቅም።

ከብስክሌት ራጅ አምስት ሽቦ ቆርጬ፣ ጫፋቸውን በድንጋይ አለስልሼ ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጥለቱ ሲያዩት ያምራል፤ ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ተረከዜ ላይ ሲደርስ አላልፍ አለ! ክሩን ወደ ፈተሉልኝ እናት ይዤው ሄድኩ። እሳቸው ፊቱን አላዩም፤ ወዲያው ገለበጡት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የክራር ክር ሆኗል» አሉኝ። «ፊቱን አሳመርከው፣ ጀርባውን ገተርከው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽቦው ላይ የተሰለፈውን እያንዳንዱን ቀለበት «ዓይን» እንበለው። በጥቁር ሦስት ዓይን ስንሠራ ነጩ ክር ከጀርባ ተጋድሞ ተራውን ይጠብቃል። ካልሲውን የሚያሞቀው ይህ የተጋደመ ክር ነው፤ ሁለተኛ ሽፋን ይሆናልና። ነገር ግን ክር እንደ ዓይኑ አይለጠጥም። ስለዚህ ቀለም ከመለወጣችን በፊት አሁን የሠራናቸውን ዓይኖች በሽቦው ላይ በጣት ዘርጋ ማድረግ፣ ከዚያ ሌላውን ክር ሳይወጥሩ ማምጣት ነው። አንደኛው ቀለም ምንጊዜም ከላይ፣ ሌላው ምንጊዜም ከታች ይምጣ፤ ያለዚያ ክሮቹ ይጠላለፋሉ። ከአራት ዓይን በላይ የተጋደመ ክር ደግሞ ካልሲውን ስናጠልቅ ጣታችንን ይይዛል።

ቀጥሎ ሒሳብ ይመጣል። በሁለቱ ቀለም ትንሽ መሞከሪያ በዙር ሠርቶ መለካት ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀለም የተለካ ያሳስታል። 10 ሳንቲሜትር ላይ 25 ዓይን ቢገኝ፣ ዙሪያው 24 ሳንቲሜትር ለሆነ እግር 60 ዓይን ይወጣል። ጥለቱ 6 ዓይን ከሆነ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። 7 ቢሆን ስምንት ጊዜ ሄዶ 4 ይተርፋል፣ ዙሩ ሲገጥምም አበባው ይቆረጣል። ለአካፋይና ለቀሪ ትምህርት ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ አላየሁም። 60ውን በአራት ሽቦ እኩል 15፣ 15 ከማድረግ ይልቅ 18፣ 12፣ 18፣ 12 ብናደርገው እያንዳንዱ ሽቦ ሙሉ ጥለት ይይዛል፤ አምስተኛው መሥሪያ ነው።

ጥለቱን በባለ ካሬ ደብተር ላይ ንደፉት። አንድ ካሬ አንድ ዓይን ነው። እኔ የመረጥኩት እንዲህ ይነበባል፦ አንደኛው ዙር 2 ነጭ፣ 1 ጥቁር፣ 2 ነጭ፣ 1 ጥቁር፤ ሁለተኛው 1 ነጭ፣ 3 ጥቁር፣ 2 ነጭ፤ ሦስተኛው 2 ጥቁር፣ 1 ነጭ፣ 2 ጥቁር፣ 1 ነጭ። አራተኛው እንደ ሁለተኛው፣ አምስተኛው እንደ አንደኛው። መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት አልማዝ ትወጣለች። ነጥቦቹ ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ባይኖሩ ኖሮ ክሩ አምስት ዓይን ተጋድሞ ያልፍ ነበር።

ዘዴው የቆየ ነው። ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ግብፅ ውስጥ በነጭና በሰማያዊ ጥጥ የተሠሩ ባለ ጥለት ካልሲዎች ዛሬ በሙዚየም ይታያሉ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች ሹራብ ሠሪዎችም፣ ሥራቸው ስንት ዓይነት ቀለም ቢኖረው፣ እንደ ልማዳቸው በአንድ ዙር ከሁለት ቀለም አይበልጡም።

አፉን፣ ተረከዙንና ጣቱን በአንድ ቀለም ሥሩ፤ እዚያ መለጠጥ አለበት። የተረከዙን አጣጣል በጽሑፍ ማስረዳት ያስቸግራል፤ እጅ በእጅ ነው የሚያዘው። ስታጥቡት ሙቅ ውኃና ማሸት ክልክል ነው፤ ሱፉ ተኮማትሮ የሕፃን ካልሲ ይሆንላችኋል።

ሁለተኛው ካልሲ ተረከዜን አልፏል። የመጀመሪያው፣ የተበላሸው፣ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ተገልብጦ ተሰቅሏል። ጀርባውን በጣታችሁ ሳብ አድርጋችሁ እዩት።