የሰው መልክና የሰው ድምፅ በሕግ ፊት

የሰው መልክ የራሱ ነው ሲባል ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ በሌላ ሰው መሣሪያ ውስጥ ከገባ በኋላ የማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ግን ሕግ መግለጥ ያስፈልጋል። ጥያቄውን የምናነሣው ለጥናት ወደ ገጠር ወርደን ሽማግሌ ስናነጋግር፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ስንገኝ፣ ድምፅና ሥዕል የሚቀርጽ ስልክ ሁላችንም በኪሳችን ስለምንይዝ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ ስለ ሰው ሥዕል ከቁጥር 27 እስከ ቁጥር 30 ይናገራል። በቁጥር 27 መሠረት የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭም አይቀርብም። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው፣ ሕጉ ስለ ማንሣቱ ዝም ብሎ ስለ ማሳየቱ፣ ስለ ማባዛቱና ስለ መሸጡ መናገሩን ነው። ሕጉ ሲወጣ ፎቶግራፍ ማንሣት አንድ ሥራ፣ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለቱም የአንድ ጣት ሥራ ሆነዋል።

ቁጥር 28 ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ይኸውም ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ፍርድ ወይም ፖሊስ ሲፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ነገሩ በሕዝብ ፊት የተደረገ ሲሆን ነው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ለትምህርት» የምትለዋን ቃል እንደ ጋሻ አንግበዋታል። እኛ ግን ጋሻዋ ጠባብ ትመስለናለች። ልጇን ቀብራ ደረቷን የምትደቃ እናት በሕዝብ መካከል መሆኗ እውነት ነው፤ የሙሾን ግጥም የሚያጠና ተማሪ ቢቀርጻትም ሕጉ ይረዳው ይሆናል። ያንኑ ሥዕል ለመሣቂያ ያሠራጨ ሰው ግን የባህል ጥቅም ብሎ ቢከራከር የሚሰማው ዳኛ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ተበዳዩ ሥዕሉ መታየቱ እንዲቆም ለመጠየቅ ይችላል፤ ዳኛውም አሳዪው ያገኘውን ትርፍ ወሰን አድርጎ ካሣ ሊያስከፍል ይችላል። ሰውየው ሞቶ እንደ ሆነና ክብሩ የሚነካ ከሆነ ክሱ ለቤተ ሰቡ ይተላለፋል።

ስለ ድምፅስ? እነዚህ ቁጥሮች የሚያወሱት ሥዕልን ብቻ ነው። ፉከራውን ሲያሰማ ድምፁ የተቀዳበት ሽማግሌ በእነርሱ ብቻ መከራከር ይቸግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውየውን ማንነት የሚያሳውቅ መረጃን ስለሚጠብቅ፣ ድምፅም በዚህ ይጠቃለላል ብለን እናምናለን። (በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የአንዱን ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃል ሲል፣ ካሊፎርኒያ ለምስጢር ንግግር የሁሉንም ፈቃድ ትጠይቃለች፤ በዚያ ያሉ ዘመዶቻችንን በስልክ ስናነጋግር ይህን ማወቁ አይከፋም።)

ስለዚህ ለጥናት የምንወጣ ሁሉ የተናጋሪውን ፈቃድ በራሱ ቃል በቅጂው መጀመሪያ ላይ ብናስቀር፣ ለመቀዳት መፍቀዱንና ለሰው እንዲሰማ መፍቀዱንም ለየብቻ ብንጠይቅ ይበጃል፤ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የሚከለክል ሽማግሌ ብዙ ነውና።