«ላስመልስ» ባይን የሚያዘገይ ልጓም

በውርርድ ዓለም ብዙ የሚወራለት ኦድ (የክፍያው ብዜት) ነው፤ የተናቀው ደግሞ የገንዘብ ወሰን። ተጫዋቹ በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር «ከዚህ በላይ አላስገባም» ብሎ በገዛ ሂሳቡ ላይ የሚያስቀምጠው ገደብ ማለት ነው።

ሕጉን በአጭሩ ለማንሳት፦ ለውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የቆየውን የሎተሪ አስተዳደር እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 535/1999 ነው። ፈቃድ ያላቸው የአገራችን አወራራጆች ገጻቸው ላይ «21+» ብለው ይጽፋሉ። ጽሑፉን እያዩ ለታናሽ ወንድማቸው ትኬት የሚቆርጡ ታላላቆች ግን ምልክቱ የተለጠፈው ለጌጥ ይመስላቸዋል።

ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የሚጠጡ ወጣቶች በአንድ ጨዋታ ስለተቃጠለ ትኬት ሲጠየቁ ወሬያቸው አያልቅም። ስለ ወሰን ሲነሳ ግን መልሳቸው አጭር ነው፦ «እሱ ለሱሰኛ ነው፤ እኛ የምንጫወተው ለመዝናናት ነው።»

የተገላቢጦሽ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር፣ ልጓም የገባለትን ፈረስ ማንም በሽተኛ አይለውም። ፈረስ የሚለጎመው ከመጋለቡ በፊት ነው። ወሰንም የሚጠቅመው ገና ጤናማ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ነው። ሱስ ለያዘው ሌላ መሣሪያ አለ፤ ራስን ጨርሶ ማገድ።

የወሰን ብልሃቱ ቁጥሩ ላይ አይደለም፤ ሲለወጥ በሚያሳየው ጠባይ ላይ ነው። በብሪታንያ ደንብ ተጫዋቹ ወሰኑን ሲቀንስ ወዲያው ይጸናል። ሲጨምር ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠብቃል፤ ጊዜው ካለፈም በኋላ ራሱ በድጋሚ ካላረጋገጠ አይጨመርለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሳምንት 200 ብር የወሰነ ሰው ቅዳሜ ማታ ገንዘቡ ሲበላ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፤ ላስመልስ። በወረቀት ሎተሪ ዘመን ይህ ሐሳብ ቢመጣ ዕጣው እስኪወጣ ቀናት ይቀሩታል፤ አዟሪውም ወደ ቤቱ ገብቷል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ብር ማስገባት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ጠፍቶ የነበረውን መዘግየት የሚመልሰው ያ 24 ሰዓት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙው ሰው ማታ የፈለገውን አይፈልገውም።

ጉድለትም አለው። አንዱ ድርጅት ቢዘጋበት ሌላው ጋ ሂሳብ የሚከፍት፣ ሲብስበትም በእህቱ ስልክ የሚመዘገብ አለ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው «ወሰን አይሠራም» ብሎ ሊያማርር አይገባውም። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ጋምስቶፕ የተባለ መዝገብ ጀመረች፤ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሰው ፈቃድ ካላቸው የኢንተርኔት አወራራጆች ሁሉ ለስድስት ወር፣ ለአንድ ወይም ለአምስት ዓመት ይታገዳል። ጊዜው ሳያልቅ ሐሳቡን ቢለውጥ አይሰረዝለትም።

ዳንግላና እንጅባራ ላሉበት ለአዊ ዞን ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሲንጋፖር ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሲኖ የከፈተችው ይህች አገር ቤተሰብ ለሥጋ ዘመዱ እገዳ እንዲያመለክት ትፈቅዳለች። ልጃቸው የሱቁን ገንዘብ በውርርድ የጨረሰባቸው አንድ የእንጅባራ አባት ይህን ሲሰሙ፣ «እኛ ሽማግሌ እንልካለን፤ ስልኩ ግን ሽማግሌ አይሰማም ልጄ» አሉ። ትክክል ናቸው። ሽምግልናው እንዲሰማ ከኋላው መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰው፣ በሁሉም ድርጅት አንድ እገዳ።

እስከዚያው አንባቢ የሚጫወትበትን መተግበሪያ ይክፈትና ወሰን ማበጃ እንዳለው ይመልከት። ካለው፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ በጠዋት፣ ቢጠፋ የማይቆጨውን ያህል ብር ይወስን። ከሌለው ድርጅቱን «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ድርጅቱ መልስ ካጣም ብሩን ሌላ ሥራ ላይ ያውለው።