በቤት ስለሚሠራ፣ በውሃ ውስጥ ስለሚፈላ የመታጠቢያ ድቡልቡል

ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ሲጣል እየፈላ የሚሟሟውን መዓዛማ ድቡልቡል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የፈለሰፉት ሞ ኮንስታንታይን የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። ገንዳ የሌለን ሰዎች ማታ እግራችንን በምንታጠብበት ሳፋ ልንጠቀምበት እንችላለን።

2 ስኒ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ስኒ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት፣ 1 ስኒ የበቆሎ ስታርችና ግማሽ ስኒ የላመ ጨው ተደባልቆ፣ በጥቂት የምግብ ዘይት ታሽቶ፣ በስኒ ተጠቅጥቆና ተገልብጦ አንድ ሌሊት ይደርቃል። ሶዳውንና አሲዱን ውሃ ሲያገናኛቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ይፈላል፤ ይህንንም መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩት መልካም ነው።

ሲትሪክ አሲድ ካልተገኘ፣ ቤኪንግ ፓውደር ሶዳውንም አሲዱንም በውስጡ የያዘ ስለሆነ ሁለቱን ሊተካ ይችላል፤ ፈላው ግን ይደክማል። የሎሚ ጭማቂ አይሆንም፤ እርጥብ በመሆኑ ገና በሳህኑ ላይ ሳለ ፈልቶ ያልቃልና።

አብዝተን የምናሳስበው ስለ ስሙ ነው። ለሳሙና ሥራ የሚሸጠው ካስቲክ ሶዳም «ሶዳ» ይባላል፤ መልኩም ነጭ ነው፤ ነገር ግን ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። ስለዚህ መጠቅለያው ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሶዳ አይገዛ። በስሕተት ሰውነትን የነካ እንደ ሆነ፣ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ድቡልቡሉ የሳሙናን ሥራ አይሠራም፤ ቁስል ያለበት እግርም አይነከርበትም። በክረምት እርጥበት ስለሚያሳብጠው በደረቅ ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ ሳይደርቅ ግን አይከደን፣ የሚወጣው ጋዝ ክዳኑን ይፈነቅለዋል።