በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የኮሌጅ ትምህርት ስለ መጀመር

ተማሪ የሚመዘነው በትምህርት ቤት በተቀመጠበት ዘመን ብዛት ነውን ወይስ ባገኘው ዕውቀት መጠን? ይህ ጥያቄ በብዙ አገር ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ እኩዮቹ እስኪደርሱበት ድረስ ቆይ አይባልም፤ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል እንጂ። ቅኔ የሚቈጥረውም ተማሪ በአንድ ዓመት ቢቀና ወይም በሦስት ዓመት ቢቀና መምህሩ የሚጠይቀው ቅኔውን ነው እንጂ ዘመኑን አይደለም። ራሱ ገና እየተማረ ታናናሾቹን የሚያስቀጽል ተማሪም በየጉባኤ ቤቱ የተለመደ ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልጆች በዕድሜያቸው ተሰብስበው በዓመት አንድ ክፍል ይወጣሉ፤ ፈጣኑም ዘገምተኛውም እኩል ይጓዛሉ። ይህንንም የዘመን ሚዛን አጥብቀው ከያዙት አገሮች አንዲቱ አሜሪካ ናት። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ ተቋቁሞ በ1906 ዓመት በሕግ የጸናው ድርጅት (ስለ አሜሪካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ለመስጠት ተነሣ። ጡረታውንም ለመስጠት የትኛው ቤት በእውነት ኮሌጅ እንደ ሆነ መለየት ስላስፈለገው፥ ተማሪው ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት የሚፈጽመውን ትምህርት በሰዓት ቈጠረው፤ አንዱም መለኪያ 120 ሰዓት ሆነ። ከዚህም የተነሣ ለመምህራን ጡረታ ተብሎ የተሠራው መስፈሪያ የተማሪዎች ዕውቀት መስፈሪያ ሆኖ ቀረ። በኮሌጅ ዘንድ ይህን የመሰለው መለኪያ ክሬዲት ይባላል። አንዱ የትምህርት ዐይነት ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት አለው፤ የመጀመሪያውን ዲግሪ ለማግኘትም 120 ያህል ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ይኸውም የአራት ዓመት ሥራ ነው።

ይህ ሥርዓት ብዙ ጥቅም ቢኖረውም፥ ፈጣኑን ተማሪ ያለ ሥራ የሚያስቀምጥ መሆኑ እያደር ታወቀ። የኢትዮጵያ የቃኘው ጦር በተሰለፈበት በኮርያ ጦርነት ወራት፥ በ1951 ዓመት፥ ጐልማሶች ለውትድርና ሳይጠሩ አስቀድመው ጥቂት የኮሌጅ ትምህርት እንዲያገኙ ታሰበና፥ ገና 16 ዓመት ያህል የሆናቸው ልጆች በፎርድ ድርጅት ገንዘብ እየተረዱ ሁለተኛ ደረጃውን ሳይፈጽሙ ወደ አንዳንድ ኮሌጆች ገቡ። በ1952 ዓመት ደግሞ ከሦስት የታወቁ ትምህርት ቤቶችና ከሃርቫርድ፥ ከዬልና ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ መምህራን ባወጡት ጽሑፍ፥ በትምህርት ቤት በርትቶ የተማረ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ የሚያውቀውን መልሶ እንደሚማር ገለጡ። መፍትሔውም ልጁን ከወላጆቹና ከጓደኞቹ ለይቶ ወደ ኮሌጅ መስደድ ሳይሆን የኮሌጁን ትምህርት ልጁ ወዳለበት ማውረድ ነው ተባለ። አድቫንስድ ፕሌስመንት የሚባለው ሥርዓት የተወለደው ከዚህ አሳብ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ማኅበር በ1955 ዓመት ሥራውን ተረከበ፤ በሚከተለውም ዓመት ፈተናውን ሰጠ። ዛሬ በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ይፈተኑታል።

የሥርዓቱ ጠባይ እንዲህ ነው። ትምህርቱ በዚያው በልጁ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ፈተናው ግን ከውጭ ይመጣል። ወረቀቱንም የሚያርሙት ልጁን በመልኩም በስሙም የማያውቁ መምህራን ናቸው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፤ 3 ያገኘ ለኮሌጅ ትምህርት የበቃ ሆኖ ይቈጠራል። እንግዲህ ድኻውም ባለጸጋውም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው ማለት ነው።

የዚህ ሚዛን ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይቷል። በዚያ ቤት የሚማሩት አብዛኛዎቹ ወላጆቻቸው ከሜክሲኮ የመጡ የድኻ ልጆች ነበሩ። መምህራቸው ኃይሜ ኤስካላንቴ በቦሊቪያ ተወልደው በአገራቸው ያስተማሩ ሲሆኑ፥ አሜሪካ በገቡ ጊዜ የመምህርነታቸው ማስረጃ ስላልተቈጠረላቸው በምግብ ቤት ወለል እየጠረጉ እንግሊዝኛን ተምረው፥ እንደ ገና ኮሌጅ ገብተው፥ በ1974 ዓመት ወደ መምህርነታቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። እኚህ መምህር ካልኩለስ የተባለውን ከፍተኛ ሒሳብ ለእነዚህ ልጆች ማስተማር ጀመሩ፤ በማለዳም፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላም፥ በዕረፍት ቀንም አስጠኑአቸው። በ1982 ዓመት ከተማሪዎቻቸው 18ቱ ፈተናውን አለፉ። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ወረቀት ላይ የተገኘው ስሕተት ተመሳሳይ ነው ተብሎ 14ቱ በመኰረጅ ተጠረጠሩ። ከእነርሱም 12ቱ በነሐሴ ወር እንደ ገና ተቀምጠው ተፈተኑና ሁሉም አለፉ። ሰው ሁሉ አይችሉም ብሎ የፈረደባቸውን ልጆች ያው ሚዛን ሁለት ጊዜ መስክሮላቸዋል። ታሪኩም በ1988 ዓመት በሲኒማ ታየ፤ መምህሩ በ2010 ዓመት ዐርፈዋል።

ከፈተናው መንገድ ሌላ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ተማሪው በአንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱም በኮሌጁም ተመዝግቦ መማሩ ነው። በ1985 ዓመት የሚኒሶታ ግዛት ባወጣችው ሕግ፥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ ወደ ኮሌጅ ሄደው እንዲማሩ ተፈቀደ። የዋሽንግተን ግዛትም በ1990 ዓመት ራኒንግ ስታርት የተባለውን ተመሳሳይ ሥርዓት በሕግ አቆመች። በኒው ዮርክ ከተማም በ2001 ዓመት የተከፈተው የባርድ ትምህርት ቤት ልጆቹን በአራት ዓመት ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ጋር የሁለት ዓመት የኮሌጅ ማዕርግ ሰጥቶ እንዲያሰናብት ሆኖ ተሠራ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት፥ በሲያትል ከተማና በአካባቢው፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። በዚያ ያለ ልጅ 11ኛ ክፍል ሲደርስ አባቱና እናቱ ሊወስኑለት የሚገባ ጉዳይ ይመጣል። ልጁ ኮሌጅ ቢሄድ የትምህርቱ ዋጋ አይጠየቅም፤ መጻሕፍቱና መመላለሻው ግን በአብዛኛው በቤተ ሰቡ ላይ ነው። ሥራው ከተሳካለት የሁለት ዓመት የኮሌጅ ወጪ ይቀርለታል። በአሜሪካ ኮሌጅ ለመማር የሚከፈለው ገንዘብ ስንቱን ወላጅ በዕዳ እንዳስያዘ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥቅሙን ብቻ አይቶ መቸኰል አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህም ይሠራል። አንደኛው ጥንቃቄ፥ ክሬዲት በሁሉ ስፍራ እኩል የሚመነዘር ገንዘብ አለመሆኑ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ 3 ያገኘውን ይቀበላል፤ ሌላው 4 ወይም 5 ካልሆነ አይቀበልም፤ በ2013 ዓመት ደግሞ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ስለ አድቫንስድ ፕሌስመንት ውጤት ክሬዲት መስጠትን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሁለተኛው፥ በኮሌጅ የተመዘገበ ውጤት ከልጁ ጋር የሚኖር መሆኑ ነው። ልጁ በ16 ዓመቱ ሳይበስል ገብቶ ቢወድቅ፥ ያ ውድቀት በኋላ ለሚጠይቀው የትምህርት ርዳታ እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። ሦስተኛው፥ ዕድሉ በየትምህርት ቤቱ እኩል አለመሰጠቱ ነው። ብዙ መምህራንና ብዙ ገንዘብ ያለው ትምህርት ቤት ከዐሥር በላይ የሚሆን የከፍተኛ ትምህርት ዐይነት ሲሰጥ፥ በገጠር ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት አንድ እንኳ የሚያጣበት ጊዜ አለ። እንግዲህ መምህር የሌለበት ልጅ ሚዛኑ ቅን ነው ቢሉት ምን ይጠቅመዋል?

በአገራችን የሆነውም ከዚህ ጋር ሊታይ የሚገባው ነው። በ1986 ዓ.ም በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሆኑ፤ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ይሰጥ የነበረውም ትምህርት ወደ እነርሱ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚህም የተነሣ በ1996 ዓ.ም አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው ዲግሪ ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። አሳቡ ጊዜንና ወጪን ለማዳን መልካም ነበር። ነገር ግን ዓመቱ ወረደ እንጂ መምህሩ፥ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ አብረውት አልወረዱም። በ2010 ዓ.ም በቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ጥናት ላይ ተማሪዎች በሚገባ ሳይዘጋጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸው ተነሣ፤ በ2012 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

የሁለቱን አገር ሥራ አስተያይቶ ለሚመረምር ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ወደ ፊት የሚራመደው ፈቅዶ የገባውና ዕውቀቱ የተመሰከረለት ተማሪ ነው፤ ያልደረሰው በደረጃው ይቈያል፤ ማፈርም የለበትም። በእኛ ዘንድ ግን የበቃውም ያልበቃውም፥ ከተሜውም ባላገሩም፥ በአንድ ቀን በአንድ ትእዛዝ እንዲራመድ ተደረገ። ፈጣኑን ማዘግየት በደል እንደ ሆነ ሁሉ ያልደረሰውን ማስሮጥም በደል ነው።

ስለዚህ ይህን ዕድል ለልጁ የሚሻ ወላጅም፥ ለአገር ተማሪዎች የሚያስብ ሹምም፥ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ትምህርቱን የሚሰጠው መምህር ለኮሌጅ ትምህርት የበቃ ነውን? የተማሪውን ዕውቀት የሚመዝነው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነና የማያዳላ ነውን? ልጁ ያገኘውንስ ክሬዲት ሊገባበት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ አረጋግጦ ይቀበላልን? እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ ልጁን በደጅ ማቈየት አይገባም፤ ካልተገኙ ግን የተረፈ መስሎ የታየው ዓመት በኋላ ከነወለዱ ይከፈላል።